ሽማግሌ በታንኳ

ማክሰኞ፣ ጁን 30፤ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሽ ኃይለመለኮት ከአሌክሳንድሪያ መጡ። የአባዬ ታላቅ ወንድም። እንደ ሁልጊዜው መጀመሪያ ስለ ቤልትዌይ ትራፊክ፣ ቀጥሎ ስለ ጉልበታቸው፣ ቀጥሎ ጸሎት። ጸሎቱ ከትራፊኩ ረዘመ።

ከዚያ ወደ ጉዳዩ። እህቴ ናዝራዊት ባስቲያንን ልታገባ ነው። ፈረንሳዊ ነው፤ አርሊንግተን አንድ ቢሮ ይሠራሉ። እሱን ሁሉም ይወደዋል። ችግሩ አባቱ ናቸው። ዶርዶኝ የሚባል የፈረንሳይ ገጠር ውስጥ ታንኳ ያከራያሉ፣ በበጋ ሥራ ጥለው አሜሪካ መምጣት አይችሉም። ታዲያ ሽማግሌ ማን ይልካል?

"ሴት ልጅ የምትጠየቀው ቤቷ ነው" አሉ ጋሼ።

"እና ምን ይሻላል?" አለች እማዬ።

"ቤቱን ይዘን እንሄዳለን።"

ማለት... እዚያ ቤት እንከራያለን፣ የተከራየነው የኛ ቤት ይባላል፣ እነሱ መጥተው ይጠይቁናል። ማንም አልሳቀም። እኔ ያሳለኝ መስዬ ኪችን ገባሁ።

ማታ ናዝራዊት፦ "አባዬ ከልቡ እሺ ካላለ አላገባም።" አባዬ ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ሳይናገሩ አይናገርም። ስለዚህ የእህቴ ትዳር ያለው ጋሽ ኃይለመለኮት አፍ ውስጥ ነው። ሙሽራ አታስተረጉምም ስለተባለ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት የትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ። እግዜር ይርዳቸው።

ረቡዕ፣ ጁላይ 8፤ ዶርዶኝ

"ቤታችን" የድንጋይ ነው። ጋሼ በሩ ላይ ጎንበስ ብለው ገቡ። ሁለት ጋሼ ተደራርበው የሚያልፉበት በር ነው...

ከሰዓት ገደል ላይ የተለጠፈ መንደር አየን። በጣም አሮጌ፣ መኪና የማይገባበት። ጋሼ የፓርኪንግ ጋራዥ ማኔጀር ሆነው ነው ጡረታ የወጡት፤ አገር የሚለኩት በፓርኪንግ ነው። የቤተክርስቲያኑን አደባባይ ቃኝተው "ሃምሳ መኪና ይይዝ ነበር" አሉ። በሐዘን።

እማዬ ግድግዳውን እየዳሰሰች "አሁን እዚህ ሰው ይኖራል?" አንዲት ሴትዮ በመስኮት ብቅ ብላ ቦንዡር አለቻት። ይኖራል።

ዓርብ፣ ጁላይ 10

ግንብ ላይ ወጣን። ከላይ ወንዙ ይታያል፣ ታንኳዎቹ የተበተነ ከረሜላ ይመስላሉ። ማዶ ሌላ ግንብ አለ። አስጎብኚዋ እንዳለችው ሁለቱ ግንቦች ለብዙ ዘመን ሲዋጉ ኖረዋል። ተረጎምኩ።

ጋሼ አሰቡ፣ አሰቡና፦ "ሽማግሌ አልነበራቸውም?"

ይሄን ጥያቄ አልተረጎምኩም።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 11

ዛሬ ተጠየቀች።

ናዝራዊት ፎቅ ላይ ተደበቀች። ባስቲያንም ሙሽራ ስለሆነ አልመጣም። አባቱ ሙሴ (አቶ እንደማለት ነው) ዤራር፣ አጎቱ፣ አንድ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ... ሦስት ሽማግሌ። ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ እጃቸው ላይ የእንጆሪ ኬክ። ተቀመጡ እስኪባሉ ቆሙ። ጋሼ ቶሎ አላሏቸውም። ፖስተኛው እግር እየቀያየሩ ነበር።

ሙሴ ዤራር በቃላቸው ያጠኑትን ተናገሩ። ልጃችሁን ለልጃችን እንጠይቃለን፣ እንደ ልጃችን እናያታለን። አባዬ መሬት መሬት ያያል፣ ግን ፈገግ ብሏል። እሺ ሊል እንደሆነ ጀርባው ራሱ ያስታውቃል።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"የመጣችሁበትን ሰምተናል። እንመክርበታለን። ሌላ ቀን ተመለሱ።"

ተረጎምኩ። ቃል በቃል፣ አንድም አልሳትኩም። መምህሬ ብትሰማኝ ትኮራ ነበር።

የሙሴ ዤራር ጆሮ ቀላ። ኮፍያቸውን አነሱ፣ ለእማዬ ጎንበስ አሉ፣ ወጡ። ኬኩ ቀረ።

"ጨዋ ሰዎች ናቸው" አሉ ጋሼ ኬኩን እየቆረሱ። "ነገ ይመጣሉ።"

እሑድ፣ ጁላይ 12

አልመጡም።

ጋሼ ከጠዋት ጀምሮ በከረባት። አባዬ መስኮት ላይ። መኪና ባለፈ ቁጥር ሁሉም ቀና ይላል። አንዱ ትራክተር ነበር።

ማታ ናዝራዊት ከባስቲያን ጋር በስልክ አውርታ ዓይኗ አብጦ መጣች። ሙሴ ዤራር ቤታቸው ገብተው "አልፈለጉንም" ብለው ተኝተዋል። ለካ እሷ ለነሱ የነገረችው ሦስት ሽማግሌ፣ ንጹሕ ልብስ፣ ሳትባሉ አትቀመጡ... ይሄን ብቻ። ሴት ልጅ ስትጠየቅ በመጀመሪያው ቀን እሺ እንደማይባል፣ ርካሽ እንዳትመስል እንደሆነ፣ ማን ነግሯት? ያደገችው ሲልቨር ስፕሪንግ። እኔ ከጋሼ ወሬ አውቃለሁ፣ ግን ተርጉሚ እንጂ አስረጂ መች ተባልኩ?

አሁን በስልክ ተነግሯቸው ገብቷቸዋል። ግን ሙሴ ዤራር፦ "አንድ ጊዜ ለምኛለሁ። ከፈለጉኝ የት እንዳለሁ ያውቃሉ።"

ጋሼ፦ "የሴት ወገን የወንድ ቤት ሄዶ እንኩ አይልም።"

አባዬ የመስኮቱን መጋረጃ ዘጋ።

በረራችን ረቡዕ ነው። ናዝራዊት ቀለበቷን አውልቃ ሳሙና ማስቀመጫው ላይ አስቀምጣዋለች። ልትታጠብ ነው ያወለቀችው? አልጠየቅኳትም።

ሰኞ፣ ጁላይ 13

ጠዋት፦ "ጋሼ፣ ዛሬ ታንኳ እንሂድ።"

"የማን ነው ታንኳው?"

"የሚያከራይ ሰው ነው።"

አባዬ አየኝ። ቁልፉን አነሳ።

ወንዙ ዳር ሙሴ ዤራር ቁምጣ ለብሰው መቅዘፊያ ይደረድራሉ። ጋሼ ሲያዩአቸው ቆም አሉ፣ ወደኔ ዞሩ። አስተያየታቸው... ቤት ስንገባ ጉድ ሊፈላ ነው። ግን ሐበሻ ሰው አይቶ ሰላም ሳይል ማለፍ አይችልም። ደህና ናቸው? ጤናቸውስ? ቤተሰብ? ሥራ? ወንዙስ? አዎ፣ ወንዙን ጠየቁ። ሁሉንም ተረጎምኩ። ሙሴ ዤራር ለሁሉም "ዊ" አሉ።

እማዬና ናዝራዊት ዳር ቀሩ። ዋና የማይችል ከባለሙያ ጋር ነው የሚሄደው፤ ሠራተኞቹ ሁሉ ወጥተዋል፣ የቀሩት ባለቤቱ ብቻ ናቸው። ጋሼ ከፊት፣ ሙሴ ዤራር ከኋላ። ጋሼ ከኮታቸው ላይ ብርቱካናማ የሕይወት ጃኬት። የመንገድ ሥራ አለቃ መስለዋል። እኔና አባዬ በሌላ ታንኳ ከጎን።

ግንቦቹ ከላይ እያዩን አለፉ። ዳክዬ።

ከድልድዩ ወዲያ ጋሼ ዞር ሳይሉ (ከዞሩ ይገለበጣል ተብለዋል)፦ "አንቺ ዕድል፣ ይሄ ወንዝ የማን ቤት ነው?"

"የማንም ጋሼ።"

"በያቸው። የማንም ቤት አይደለም። እኛም እነሱ ዘንድ አልሄድንም፣ እነሱም እኛ ዘንድ አልመጡም። ሁለተኛው ቀን ዛሬ ነው። ይጠይቁኝ።"

እኔ ሳመቻች የነበረው ዝም ብሎ እንዲተያዩ ነበር። እስከዚህ አላሰብኩም።

በውሃው ላይ ጮኼ ተረጎምኩ። በዚህኛው ቃል በቃል ብቻ አልተውኩትም፣ ከቅዳሜ ጀምሮ የነበረውን ሁሉ ጨመርኩ፦ ሌላ ቀን ማለት ልጃችን ውድ ናት ማለት ነው፣ እምቢ ማለት አይደለም፣ እኚህ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ በከረባት ሲጠብቁዎት ነበር።

ሙሴ ዤራር መቅዘፍ አቆሙ። ታንኳው ለብቻው ሄደ። ቀስ ብለው፦ "ልጅቷን ትሰጡናላችሁ?"

ጋሼ አንገታቸውን ብቻ ወደ አባዬ አዘነበሉ። "አባቷ አንተ ነህ።"

አባዬ ደንግጦ መቅዘፊያውን ጣለው። "ሰጥተናል" አለ። ድምፁ ተሰበረ። ሳል ነው አለኝ በኋላ። እንደኔ ሳል ማለት ነው።

ከዚያ ጋሼ ሊመርቁ ተነሱ። ምርቃት ተቀምጦ አይሆንም። ሦስታችንም በሁለት ቋንቋ ይቀመጡ አልናቸው... ታንኳው ተገለበጠ።

ውሃው እስከ ወገብ ነው። ሙሴ ዤራር ጃኬታቸውን ጨምድደው ይዘዋቸዋል፣ ጋሼ ኮታቸው እያንጠባጠበ እጃቸውን ዘረጉ። "ውለዱ፣ ክበዱ። ቤታችሁ ይሙላ።" ሙሴ ዤራር አንዱም አልገባቸውም። "አሜን" አሉ ግን፣ ልክ በቦታው።

ናዝራዊት ከዳር ምን ተባለ እያለች ትጮሃለች። አባዬ ራሱ ሄዶ ነገራት።

እሑድ፣ ጁላይ 26፤ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ ኮል አደረጉ። ለአባዬ መስሎኝ ስልኩን ላቀብለው ስል "አንቺን ነው" አሉ።

ቅዳሜ አስፐን ሂል ሽምግልና አለ። ኖህ የሚባል የቤተክርስቲያናቸው ልጅ የኤል ሳልቫዶር ልጅ ሊያገባ ነው፤ ጋሼ ናቸው የሚጠይቁለት።

"ጋሼ፣ ስፓኒሽ እኮ አልችልም።"

"አስተርጓሚ አለን። አንቺ አጠገቤ ትቀመጫለሽ። ልናገር ስል ሰዎቹ ምን እንደሚገባቸው ቀድመሽ ትነግሪኛለሽ።"

"እንደ ምን ሆኜ ነው የምገባው?"

"ሦስተኛ ሽማግሌ።"

"አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው።"

"ካልሳቅሽ ማን ያውቃል" አሉና ዘጉት።

ጥቁር ቀሚሴን አውጥቼ መተኮስ ጀመርኩ። እማዬ በር ላይ ቆማ፦ "ለምንሽ ነው?"

"ለሽምግልና።"

ፍርፍር ብላ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪመጣ።

ምን እንዳሳቃት አልገባኝም።