የከዲጃ ኪንታሮት

ፒያሳ፣ ሰኔ 11

ለምወድሽ እናቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ከረምሽ? ዝናቡ እንዴት ያዛችሁ? ላሟስ ወለደች? እኛ ደህና ነን፤ አልሐምዱሊላህ። ባሌ ሱፊያን ሰላም ይልሻል፣ ልጆቹ ፈተና ላይ ናቸው። የድሮው ሱቃችን ከፈረሰ ወዲህ የተከራየነው ቦታ ጠባብ ቢሆንም የመጋረጃ ገበያው አልከዳንም።

ስልክ ትቼ ወረቀት ያነሳሁበትን ምክንያት ታውቂያለሽ። የአንቺ ስልክ ሁልጊዜ ድምፁ ተለቆ ስለሆነ የማወራሽን ግቢው ሁሉ ይሰማዋል። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል የቆጠርሽ ሴት ነሽና ይህን ለብቻሽ አንብቢው። ስትጨርሺ ምድጃ ውስጥ ጨምሪው።

እማ፣ ትናንት ደነገጥኩ። በቀላሉ የምደነግጥ እንዳልሆንኩ አንቺው ታውቂኛለሽ። ሱቁ ሲፈርስ ሌላው ሲያለቅስ እኔ ጣቃ እየቆጠርኩ አስጭን ነበር። ትናንት ግን እንደዚያ አልሆንኩም። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ጎረቤትሽ እትዬ ከዲጃ ለልጇ ለተስኒም የጋብቻ ቀለበት ልትገዛ መጣች። ወርቅ ቤቶቹን አብሬያት ዞርኩ። ሦስተኛው ቤት ላይ ባለሱቁን «ይሄን የሠራኸው ለሙሽራ ነው ለአይጥ?» አለችው። ሰውየው ራሱ ሳቀ። እኔ ግን ልቤ ከእሷ እግር ጋር ነበር፤ ይህን ያህል መቆሟ፣ ይህን ያህል መራመዷ አሳዝኖኝ። ምሳ ሰዓት ደረሰና ሾርባ ልዘዝልሽ ብላት ክትፎ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ክትፎ ቤት ገባን። ከመቀመጧ በፊት ነጠላዬን አጣጥፌ ወንበሩ ላይ አነጠፍኩላት። «ምነው፣ አራስ ነኝ እንዴ?» አለችኝ።

ክትፎው መጣ። ሚጥሚጣውን ልትነሰንስ ስትል እጇን ያዝኩና ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ፣ እትዬ ለኪንታሮት አይሆንም፣ መድኃኒቱን የምትሰጠኝ ሕብረት ከልክላለች አልኳት።

«የማን ኪንታሮት?» አለች። እሷ አላንሾካሾከችም። ሦስት ጠረጴዛ ዞሮ አየን።

ስምንት ወር ሙሉ የላክሁልሽ ዱቄትስ ብላት፣ «የምን ዱቄት? አንቺ ልጅ፣ የፒያሳ ሰው ቀልድ ሲያጣ በሰው መቀመጫ መጫወት ጀመረ እንዴ?» ብላ እስኪያስላት ሳቀች። ሚጥሚጣውንም ነሰነሰችው። ከዚያ ፊቴን አየችው። ሳቋን አቆመች።

ሳህኗን ገፋ አደረገችና ስለ አንዲት ሴት ነገረችኝ። የሴትዮዋን ስም አልጽፍም። ለቅሶ ቤት ስትመጣ ከሰው ጋር አትቀመጥም፣ ጉልበቴ ነው እያለች ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ትውላለች አለችኝ። ከጾም በኋላ ቀሚሷን ሁለት ጊዜ አስጠብባለች አለችኝ። የልብሷን እጥበት ለምራቷም አትሰጥም፤ ጎህ ሳይቀድ ራሷ አጥባ እጓዳ ውስጥ ታሰጣለች አለችኝ። ከዲጃ ይህን ሁሉ ስታይ የእርጅና ነገር ነው ብላ ትታው ነበር። እኔ ደግሞ አንዱንም አላየሁም። ዒድ ላይ መጥቼ ሁለት ቀን አድሬ ተመልሻለሁ፣ አንዱንም አላየሁም።

ሱቅ ተመልሼ ማስታወሻ ደብተሬን ከመሳቢያ አወጣሁ። ጥቅምት 19 እንዲህ ይላል፦ «እማ ደወለች። ከዲጃን ኪንታሮት ይዟታል፣ ደም አለው። እዚያ ላለ አዋቂ አልታይም፣ አገር ያውቀኛል ብላለች። የሆነ ነገር ላኪላት አለችኝ።» በማግስቱ ነው ሕብረት ጋ የሄድኩት። ሕብረት ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ያላት፣ አዩርቬዳ የሚሉትን የህንዶችን የባህል ሕክምና እዚያው ህንድ ተምራ የመጣች ሴት ናት። ጨርቅ ከህንድ ሳስመጣ ስለኖርኩ በህንድ ዕቃ አልታለልም። ዱቄቱን አሸተትኩ፣ ማሸጊያውን አገላበጥኩ፣ ቀኑን አነበብኩ። እሷም መጋረጃ እኮ አይደለም፣ ወደ ብርሃን አውጥተሽ አታዪውም ብላ ሳቀችብኝ።

ለማን ነው ስትለኝ ለጎረቤት አልኳት። «እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚመጣው ለጎረቤት ነው» አለችኝ። ዕድሜዋን ጠየቀችኝ፤ አርባ አምስት አልኳት። የምትወስደው ሌላ መድኃኒት አለ ስትለኝ ምንም የለም አልኳት። አልዋሸሁም፤ የከዲጃን ዕድሜና የከዲጃን ጤና ነው የነገርኳት።

ከዚያ ለከዲጃ ብዬ የነገርኩሽን ሁሉ ታስታውሻለሽ። ትሪፋላ የሚሉትን የሦስት ፍሬ ዱቄት ስትተኛ በሞቀ ውሃ። ጠዋት የተዘፈዘፈ ተልባ። ከምሳ ጋር አሬራ፣ የተቆላ ከሙን ጣል ተደርጎበት። ሽንት ቤት ሳያምጡ መጠቀም፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ሳፋ ውስጥ ሩብ ሰዓት መቀመጥ። ውሃ በደንብ መጠጣት፣ በርበሬና ሚጥሚጣ መተው። ሕብረት ግን ከሁሉ በፊት ሌላ ነገር ብላ ነበር፤ እሱንም ጽፌዋለሁ፦ «ይህ የሚያግዝ እንጂ የሚያድን አይደለም። ደም እስካለው ድረስ መጀመሪያ ሐኪም ይየው።» ደውዬ ነገርኩሽ። ከዲጃ ታፍራለች አልሽኝ። እኔም ካፈረችማ ብዬ ዘጋሁት። ዱቄቱን ግን መላክ አላቆምኩም።

ታኅሣሥ ላይ፦ «ከዲጃ ቀለል ብሏታል። አሬራው ተስማምቷታል። ጠዋት ጠዋት ግን ያቃጥላታል።» ጎረቤት የጎረቤቷን ጠዋት እንዴት እንዲህ አወቀች ብዬ አልጠየቅኩም። የካቲት ላይ፦ «ከዲጃ መረቀችኝ፤ እጅሽ አይንጠፍ፣ ደጅሽ አይጉደል አለች።» ይህን ምርቃት ከልጅነቴ ጀምሮ ከማን አፍ እንደምሰማው እያወቅኩ፣ ለከዲጃ ሰጥቼ ጻፍኩት። ግንቦት ላይ ደግሞ፦ «ደሙ ተመልሷል። ከዲጃ ከስታለች። ሁለት ዕሽግ ጨምሬ ላክሁ።» እማ፣ ከጣቃው ላይ አንድ ክንድ ብትጎድል በዓይኔ የማውቅ ሰው ነኝ እኮ።

ዛሬ ጠዋት ሕብረት ቢሮዋን ሳትከፍት ደጇ ላይ ጠበቅኳት። ጎረቤቴ ስድሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ለልቧ በየቀኑ አስፒሪን ትውጣለች፣ ከጥቅምት ጀምሮ ደም አለው፣ ቀሚሷ ሁለት ጊዜ ጠብቧል አልኳት። ቁልፉን በሩ ላይ እንደሰካች ቀረች። «ስምንት ወር የሌላ ሰው መድኃኒት ነው የሰጠሁት» አለች። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ገብተን ተቀመጥንና ልቅም አድርጋ አስረዳችኝ። ኪንታሮት ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ብዙውን ጊዜም ነው። አስፒሪኑም ደሙን አብዝቶት ይሆናል። ግን በዚህ ዕድሜ እንዲህ የሚያከሳ መድማት አንጀት በካሜራ ሳይታይ ኪንታሮት ነው ተብሎ አይታለፍም። ዱቄቱ ዛሬውኑ ይቁም። የልብ ክኒኑን ግን ሐኪም ሳያዝ ማንም እንዳያቋርጥ። ለብ ባለው ውሃ መቀመጡ ጉዳት የለውም፣ ይቀጥል። እዚያው እያለሁ አንድ የአንጀት ሐኪም ጋ ደውላ ለዓርብ ቀጠሮ አስያዘችልኝ።

ይህን ወረቀት የምታደርስልሽ ከዲጃ ናት። ምን እንደሚል አልጠየቀችኝም። ተቀይመሽ እንደሆነ ብላት፣ «ስሜን ስምንት ወር ሠርታበታለች፣ ኪራዩን በአሬራ ትከፍለኛለች» አለችኝ። ትናንት ስንለያይ ግን አቅፋኝ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም። ለማንም እንደማትናገር አምላለች፤ አምኛታለሁ። አንቺም ምንም አትበያት። ለእኔም ምንም እንድትዪኝ አልፈልግም።

አሁን የምልሽን ልብ አድርጊ። ኪንታሮት የያዘው እኔን ነው። ለወንድሜ ለአብዱልሃሚድ ደውዬ ነግሬዋለሁ፤ ደም አለው፣ ዓርብ ልመረመር ነው፣ እማ አጠገቤ ካልሆነች አልታይም አልኩት። ሚስኪን፣ አፍሮ በጥድፊያ እሺ፣ እማን እናዘጋጃት አለኝ። የባሌ እናትና እህቶቹም ሰምተዋል። ዱዓ እያደረጉልኝ ነው። አንዷማ ነጭ ሽንኩርት በማር ይዛ መጣች፤ እዚያው ፊት ለፊቷ በላሁት።

ሐሙስ ጠዋት መኪና ከነሹፌሩ ይዤ ራሴ እመጣለሁ። ኋላ ወንበር ላይ ፍራሽ አነጥፋለሁ፤ እየተጋደምኩ ልመለስ ነው ብዬ ለሁሉም ተናግሬአለሁ። ሰፊ ቀሚስ ልበሺ፣ የልብሽን ክኒን ከነማሸጊያው ያዢ። ቢጠይቁሽ ልጄ ታማብኝ ነው በይ፤ እናት ልጇን ልታስታምም ብትሄድ የሚገርመው ሰው የለም። ሐኪሟ ሴት ናት፣ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ዓርብ ሲጠሩን አብረን እንገባለን፤ በሩን የምዘጋው እኔ ነኝ። አልጋው ላይ ማን እንደሚወጣ ከውጭ የሚያይ የለም። እጅሽን አልለቅም።

አላህ ዕድሜሽን ከጤና ጋር ያቆይልኝ፤ ከደጄም ከዓይኔም አያርቅሽ።

ሕመምተኛዋ ልጅሽ