አባባና ዘበኛዋ ዓሣ

ሰኞ

አልሄድም አሉ! የወልድያው ዓይን ሐኪም ለዓርብ ቀጠሮ ሰጥቷል። "የግራው አልፎበታል፤ የቀኙን ሞራ አሁኑኑ ካልገፈፍነው እሱም ይሄዳል" ነው ያለው። አባባ ግን "እየተመራሁ በመርሳ መናኸሪያ አላልፍም" ብለው ቁጭ። ትናንት ብቻቸውን ወጥተው ቦይ ውስጥ ወደቁ፤ ጉልበታቸው ተልጧል። ምርኩዝ አይዙ፣ እጅ አይሰጡ። ግትርነቱን ለእኔም ስላወረሱኝ ምን አፍ አለኝ።

ማክሰኞ

የሚፈሩት መናኸሪያውን ሳይሆን ሳቁን ነው። በወጣትነታቸው ምጽዋ መርከበኛ ነበሩ። እዚያ ጠልቀው ያዩትን ሲያወሩ ከተማችን መርሳ ስም አወጣላቸው፦ ዋሾው መርከበኛ። ጣት የምታህል ዓሣ ጉድጓድ በር ላይ ዘብ ትቆማለች፣ ውስጥ ዓይኑ እምብዛም የማያይ ሽሪምፕ የሚሉት ባለብዙ እግር ትንሽ የባሕር ፍጥረት ይቆፍራል፣ ሁለቱ አንድ ቤት ይኖራሉ። ማን ይመን? ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋሽ ይማም እስከ ዛሬ "ታደሰ፣ ዓሣዋ ደመወዟ ስንት ነው?" ይሏቸዋል።

እኔም ልጅ ሆኜ፣ ክፍል ውስጥ ሲስቁብኝ፣ "እሳቸው አባቴ አይደሉም" ብዬ ክጃለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ረቡዕ

አገኘኋት! የሞባይል ዕቃ መሸጫዬ ጭር ብሎ ስልኬን ስጎረጉር፣ ቪዲዮ።

ሞቃት ባሕር፣ የፀሐይ ብርሃን እስከ ታች ድረስ ይገባል። ኮራሉ፣ ያ ድንጋይ መሳይ የባሕር ፍጥረት፣ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ ስሙን የማላውቀው ቀለም ሁሉ። ግርጌው ነጭ አሸዋ፣ አሸዋው ላይ ቀዳዳ፣ ቀዳዳው በር ላይ እሷ! ሽሪምፑ አሸዋ ታቅፎ ይወጣል፣ ይደፋል፣ ይመለሳል። በወጣ ቁጥር ከግንባሩ እንደ ጅራፍ የሚወጣውን ረጅም አንቴናውን ገላዋ ላይ ያሳርፋል። አደጋ ስታይ ጭራዋን ታርገበግባለች፤ እሱ ወደ ውስጥ፣ እሷም ተከትላው ጥልቅ። እሷ መቆፈር አትችል፣ እሱ ማየት አይችል። አቤት የፈጣሪ ሥራ! አባባ አንዲት ቃል አልጨመሩም ነበር።

ጋሽ ይማምን ጠርቼ አሳየኋቸው። ሦስቴ አዩት። "ሱብሃነላህ" አሉ። ቆይተው ደግሞ "እኔ ያን ሁሉ ዘመን ሰውየውን..." ብለው ሳይጨርሱ ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

ሐሙስ

አባባ ስልኩ አይታያቸውም፤ እኔ እያየሁ ነገርኳቸው።

"አንቴናው የት ነው?"

"ጀርባዋ ላይ ነው አባባ።"

"አላነሳውም?"

"ኧረ አላነሳውም።"

እኔ አለቀስኩ፤ ልጅ ሆኜ እንደካድኳቸውም ነገርኳቸው። "ያኔውኑ መምህርሽ ነግሮኛል" አሉ። ይህን ሁሉ ዓመት ያውቁ ነበር! አንድ ቀን እንኳ ክፉ አልተናገሩኝም። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

እራት ከበላን በኋላ፣ "ነገ መኪናው በስንት ሰዓት ነው?" አሉ።

ዓርብ

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉና "ቦይ ስታዪ ጭራሽን አርገብግቢ" አሉኝ። ጭራ ከየት ላምጣ፤ ትከሻዬን ነቀነቅኩ። መናኸሪያው ሙሉ ነበር። ጋሽ ይማም እዚያው ዳር ባለው ስፌት ቤታቸው ደጅ ላይ ቆመው ጠበቁን።

"ታደሰ፣ አላህ ያሽርህ። አፉ በለኝ።"

"ደመወዝ የላትም፤ በነፃ ነው የምትሠራው" አሏቸው አባባ። ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ።

መኪናው ውስጥ፣ ሲሪንቃን ስናልፍ፣ አባባ ዜማ ያንጎራጉሩ ነበር። ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ዓይናቸው ታሽጎ ወልድያ አክስቴ ቤት ነን። ፈርቻለሁ።

ቅዳሜ

ፋሻው ተነሳ። መጀመሪያ የሐኪሙን ጣት ቆጠሩ፤ ቀጥሎ "ስልኩን አምጪው" አሉ። አፍንጫቸው ሥር ይዘው አዩ፣ አዩ።

"ይህቺ የእኛዋ አይደለችም" አሉ። "የእኛዋ ቢጫ ናት።"

ግትር ሽማግሌ! ቀለም ለይተዋል እኮ! እልል ማለት ነው የቀረኝ። ሐኪሙ ግን ገና ብዥታ ስላለ ምን ያህል እንደሚጠራ በሚቀጥለው ሳምንት ይታወቃል ብሏል።

መርሳ ወርደን ያ የወደቁበት ቦይ ጋ ስንደርስ ትከሻዬን ነቀነቅኩ።

"አይቼዋለሁ" አሉ። እጃቸውን ግን ከትከሻዬ አላነሱም።