ከጠረጴዛው ሥር ያለው ምልክት

ይድረስ እናት ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለታላቅ እህቴ ለእታለም፤

እንደምን ሰንብተሻል? ያ ሲነሳብሽ እንቅልፍ የሚነሳሽ ወገብሽ እንዴት ነው? ሐኪሙ ያዘዘልሽን መነጽር ታደርጊዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለክት ብለሽ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥሽው? የባለቤትሽ ሳልስ ተሻላቸው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እጅ እግሬን ማለቴ ነው፤ ሆዴማ በንዴት ከቆሰለ ሰነበተ። በስልክ እንዳልነግርሽ አንቺ ስትጀምሪ እኔ እንደ ልጅነቴ ዝም እላለሁ። መልሱ የሚመጣልኝ ከዘጋሽው በኋላ ነው። ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽና እንግዲህ በፊደል ልናገርሽ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄ ነው ይህ የቀረው። ክፉ ቃል ካገኘሽበት ታናሽሽ ነኝ፣ ይቅር በይኝ፤ ብቻ ሳትጨርሺ አትጣዪው።

ልጄን ምን እንዳልሻት ሰምቻለሁ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ይዛው ስለነበር አጠገቧ ቆሜ ነው የሰማሁት። «የአባትሽ ዓይን ከመጋዙ ወዲያ አያይም፤ እሱን ሰምተሽ ዕድልሽን በእግርሽ አትርገጪ» አልሻት። እታለም፣ በዚሁ መጋዜ ቤት ሠርቻለሁ፣ ሚስቴን አስታምሜ ቀብሬያለሁ፣ ልጅ ለወግ አብቅቻለሁ። የሰደብሽኝ ለብቻዬ ቢሆን ችዬው አድር ነበር። ልጄ ፊት ግን አባቷን አሳነስሽብኝ፤ ይህ እንደ እሾህ ተሰክቶብኛል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ልጅቷ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ የሕክምና ላቦራቶሪ ትምህርት እንደደረሳት በሰማሽ በሦስተኛው ቀን እኔን ሳትጠይቂ ካለሽበት ገንዘብ ልከሽ እዚሁ ከተማችን ያለው የግል ኮሌጅ አስመዘገብሻት። ስም ያለው ነው አልሽ። የትልልቅ ሰዎች ልጆች የሚማሩበት ነው፣ የመንግሥቱ እንደ ከብት መቶውን በአንድ ክፍል የሚያጉርበት ነው አልሽ። የኮሌጁ ፊት በሙሉ መስታወት ስለሆነ የሰፈራችን ሰው «መስታወቱ» ይለዋል። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ደግሞ ገብተው የሚማሩበት ሳይሆን ቆመው ፀጉር የሚያበጥሩበት ነው እያለ ያሾፋል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የዚህን ስም ያወጣው መልአክ በየአውቶቡሱ ጀርባ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናዘዝ፤ ካልተናዘዝኩ ንዴቴም ንጹሕ አይሆንም። ያን ሰሞን እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። የመንግሥቱ ዩኒቨርሲቲ አንድ ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ይኬድበታል። መስታወቱ ግን ከቤቴ ሃያ ደቂቃ ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ከሥራ ስገባ ቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ የሚሰማኝ በእሷ ነው። ስለዚህ ለልጄ ይበጃል እያልኩ የጸለይኩት ጸሎት ለካ ለራሴ ነበር። ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ መስታወቱ ልትገባ ነው ብዬ አወራሁ፤ ልብስ ሰፊውማ ከዛሬ ጀምሮ እንግዲህ በቀጠሮ ነው የምናገኝህ አለኝ።

ሌላም የደበቅኩት ነበረኝ። የመስታወቱን ላቦራቶሪ የሠራሁት እኔ ነኝ። የዛሬ አምስት ዓመት አሥራ ሁለት ጠረጴዛ አዘዙኝ፣ እያንዳንዱ መታጠቢያና ቧንቧ ያለው። ጠረጴዛውን ጨርሼ፣ ቀዳዳውን ከፍቼ፣ መታጠቢያውን ገጥሜ ቧንቧ ሠራተኛውን ብጠብቅ አልመጣም። የጎብኝዎች ቀን ሲደርስ ሥራ አስኪያጁ ቧንቧውን ከላይ ብቻ ግጠመው፣ ሥሩን በጣውላ ሸፍነው፣ ውሃው በኋላ ይገባል አለኝ። ሸፈንኩት። አሳምሬ ሸፈንኩት። ከዚያ ወዲህ ውሃው ገብቶ ይሆናል እያልኩ ለራሴ ስነግረው ኖርኩ እንጂ አንድ ቀን ሄጄ አላየሁም።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለች እኔ የሠራሁትን በብርጭቆ ወረቀት የምታለሰልሰው እሷ እንደነበረች ታውቂያለሽ። ስትጨርስ ከማይታየው ጎን በእርሳስ ሁለት አጭር መስመርና አንድ ነጥብ ታደርግበታለች። ሰው ባያየው ፈጣሪ ያየዋል፣ ያፈርክበትን ሥራ እንዳትፈርምበት ትለኝ ነበር። ካረፈች በኋላ ምልክቱን እኔ ማድረግ ቀጠልኩ። እጄ ለምዶ እነዚያንም ጣውላዎች ፈረምኩባቸው፤ ሳላስበው።

ወላጅና ተማሪ ኮሌጁን የሚጎበኝበት ቀን ልጄን ይዤ ሄድኩ። አንዲት ሽቅርቅር ያለች አስጎብኚ ምንጣፉን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ግድግዳውን የሞላውን ቴሌቪዥን እያሳየች ላቦራቶሪው አደረሰችን። ጠረጴዛዎቼ እንደ አዲስ ያበራሉ። ልጄ እንደ እናቷ ናት፣ ነገር ካልነካች አታምንም። ቧንቧውን አዞረችው። ጠብ የሚል ነገር የለም። ሌላውን አዞረች። አስጎብኚዋ ዛሬ ውሃ ጠፍቶ ነው አለች። ልጄ ተንበረከከች። ጥጉ የላላውን ጣውላ ሳብ ስታደርገው በእጇ ወጣ። ከኋላው ባዶ ነው፤ አምስት ዓመት የቆየ የእኔው የመጋዝ ብናኝ ብቻ ተከምሯል። ጣውላውን ገልብጣ አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«አባዬ፣ ይሄ የእማዬ ምልክት አይደል?» አለች።

እታለም፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እስከ ቤት በእግራችን ሄድን። ደጃፍ ስንደርስ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። የእናቷ የደም ምርመራ ውጤት ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ሦስተኛው ልክ ሆኖ ሲመጣ ለሕክምና እንደዘገየ አስታወሰችኝና፣ እነዚያን ሁለቱን የመረመሩት የት ተምረው ይሆን ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ይህን ትምህርት የመረጠችውም ለዚሁ ነው። ከደረቅ ቧንቧ ሥር የተማረ እጅ የማንን እናት ደም ሊመረምር ነው? አንቺስ ወገብሽ እስኪጎብጥ በሁለት ፈረቃ የሰው ቢሮ እየወለወልሽ ያመጣሽው ገንዘብ ለዚህ ነበር? ንዴቴ ግማሹ በአንቺ ላይ ሳይሆን ስለ አንቺ መሆኑን እወቂልኝ።

በማግስቱ ምልክቱን ልፍቅ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሳስበው መፋቁ ሁለተኛ ውሸት ሆነብኝ። ወደ ሥራ አስኪያጁ ገባሁና ቧንቧውን አስገቡ፣ የእንጨቱን ሥራ በነፃ ልሥራላችሁ፣ ካልሆነም የልጄን ምዝገባ ሰርዛችሁ ገንዘቡን ለእህቴ መልሱላት አልኩት። የተከፈለ አይመለስም አለ። ቀጥሎም ፈገግ ብሎ፣ «አባባ፣ ወላጅ የሚያየው ከላይ ነው። ማነው ተንበርክኮ ከጠረጴዛ ሥር የሚያይ?» አለኝ።

ልጄ ናት አልኩትና ወጣሁ።

ደጅ የመዝጋቢዎች ወረፋ ነበር። ታውቂኛለሽ፣ በሰው ፊት ድምፄ አይወጣም። ያን ቀን ግን ወጣ። ወላጆች፣ ከመክፈላችሁ በፊት ፎቅ ወጥታችሁ ላቦራቶሪው ውስጥ ያለውን ቧንቧ ክፈቱት፤ የሠራሁት እኔ ነኝ አልኩ። ዘበኛው በክንዴ ይዞ አስወጣኝ፤ ምስኪን፣ እሱም አፍሮ ቀስ ብሎ ነበር የሚገፋኝ። ዞር ስል አንድ አባት ወረፋውን ለቆ ደረጃውን ሲወጣ አየሁ። አንድ ብቻ። ሌሎቹ ስልካቸውን ነበር የሚያዩት።

የመንግሥቱን ገነት ነው አልልሽም። አንድ ክፍል ስምንት ሆነው ነው የሚተኙት። ለአንድ ማይክሮስኮፕ አምስት ሆነው ይሰለፋሉ። አስተማሪ ይቀራል፣ መብራት ይጠፋል። ግን የጤና ጣቢያችንን የላቦራቶሪ ኃላፊ ሄጄ ጠይቄያለሁ። የመስታወቱ ልጆች ጋዋናቸው አይታማም፣ እጃቸው ግን መርፌ ሲይዙ ይንቀጠቀጣል አለኝ። የመንግሥቶቹስ ስለው፣ እነሱ ጋዋናቸው ተቀዷል ብሎ ሳቀ።

ወደ መንግሥቱ ዩኒቨርሲቲ የሄደች ዕለት አውቶቡስ ላይ አሳፍሬያት ስመለስ ቤቱ እንዴት ባዶ ሆኖ እንደጠበቀኝ አልነግርሽም። በገባች በመጀመሪያው እሁድ ደወለች። የመጀመሪያው ቀን ላቦራቶሪ ገብታ ከሁሉ በፊት ቧንቧውን ከፈተችው። ውሃው ፊቷ ላይ ተረጨ፣ ልጆቹ ሳቁባት። ከዚያም ተንበርክካ ሥሩን አየችው። መታጠቢያው ተሰንጥቋል፣ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጠውለታል። «ያፈሳል አባዬ» አለችኝ፤ እንደ ምሥራች ነበር የምትነግረኝ።

ይህንኑ ልትነግርሽ ለአንቺም ደውላ ነበር። ሦስት እሁድ ደወለች፣ ሦስቱንም አላነሳሽላትም። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ እሱ ነው። መቆጣት ከፈለግሽ እኔን ተቆጪ፤ በጣውላ የሸፈንኩት እኔ ነኝ፣ ቀድሜ ሳልነግርሽ ደስ ያለኝም እኔ ነኝ። ልጅቷ ግን የበደለችሽ የለም፤ ዝቅ ብላ ማየቷ ነው ጥፋቷ። እናት የላትም እታለም። እኔ እናት ስላልነበረኝ አንቺ የሆንሽኝን ታስታውሻለሽ። በመጪው እሁድ ትደውላለች፤ አንሺላት።

ለባለቤትሽ በጤና ያቆይልኝ በይልኝ፤ ደረታቸውን ይሸፍኑ። ለትልቁ ልጅሽ ሰላምታዬን አቅርቢ፤ የላከልኝ የመሰርሰሪያ ጫፍ እስካሁን አልዶለዶመም። ለመካከለኛዋ፣ ፈተናዋን በሰላም ያሳልፍላት። ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። ልብስ ሰፊው ጎረቤቴም ሰላም ብሎሻል። አንቺንም የማያንቀላፋው አምላክ ከነወገብሽ ይጠብቅልኝ። መነጽርሽን አድርጊ።

የማይረሳሽ፣ ዛሬ ግን የተቆጣሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከእንጨት ሥራ ቤቴ
ጥቅምት ፳፬ ቀን