አንዴ ብቻ የሚጠይቀው ረዳት

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ ውባለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ያ የወገብሽ ሕመም ተወሽ? ማዳምሽስ ታስተኛሻለች ወይስ እንግዳ በመጣ ቁጥር እንደለመደችው ታስነሳሻለች? እኛ አምላክ ይመስገን፣ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደኅና ነን። መርሳ ከተማም ቤተሰቡ ሁሉ ሰላም ነው፤ እማዬ ጉልበቷን አልፎ አልፎ ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው።

ባለፈው በስልክ ኮንትራቱን ላድስ ወይስ ልምጣ ብለሽ ጠይቀሽኝ፣ ለእኛ ብለሽ አትጨነቂ፣ እንደተመቸሽ አድርጊ አልኩሽ። ከዚያ ወዲህ በመልሴ ስጸጸት ሰነበትኩ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ መልሴን ላስተካክል ነው፤ ለዕረፍት የመጣችው ናጅዋ ቤይሩት ስትመለስ ትይዝልሻለች። ግን አስቀድሞ መሥሪያ ቤት የገጠመኝን ልንገርሽ፣ ሳትስቂ ስሚኝ።

ወልድያ የምሠራበት ድርጅት የአውቶቡስ ወንበር በስልክ የሚያስይዝ መተግበሪያ እየሠራ መሆኑን ታውቂያለሽ። የእኔ ሥራ ሕዝብ እጅ ከመግባቱ በፊት መሞከር ነው። እያንዳንዱ ሙከራ ተጽፎ ሶፍትዌር ውስጥ ይቀመጣል፤ የትኛው መቼ እንደሚሞከር እንዲለይ ታግ የሚባል መለያ ይለጠፍበታል፣ ወፍጮ ቤት ጆንያ ላይ የባለቤቱን ስም እንደምንጽፈው ማለት ነው። ድሮ አንድ በአንድ በእጃችን ነበር የምንለጥፈው። አሁን አለቃችን ልዑል የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት አመጣልን፤ ኤጀንት ይሉታል። በአማርኛ ጽፎ ማዘዝ ብቻ ነው፣ ታጉን ራሱ ፈጥሮ ይለጥፋል። አቤት ፍጥነቱ!

መተግበሪያው ለገና ጉዞ ሊከፈት ሲል፣ «የበዓል ጉዞ» የሚል ታግ ፍጠርና ከመርሳ የሚነሱት ጉዞዎች ሙከራዎች ላይ ለጥፍልኝ አልኩት። ወዲያው ጨረሰና የጎረቤቶቹ ከተሞች፣ የግራናና የሐራዎቹም ላይ ልለጥፍ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ የእማዬ ልጅ ምን ብዬ ልመልስ? አይ፣ ይቅርብህ፣ አትድከም አልኩታ! እኛ ቤት አንዴ የጠየቀ እንዳልጠየቀ አይደል የሚቆጠረው? ሰው ቢሆን ኧረ በሞቴ፣ ምን ድካም አለው ብሎ ይለጥፈው ነበር። እሱ ግን እሺ ብሎ በዚያው ዘጋው። እኔም መቼም አይተወውም፣ ደግሞ ይጠይቀኛል ብዬ ምሳዬን ልበላ ወጣሁ።

በማግስቱ ልዑል ያ ታግ ያለባቸው ይሞከሩ አለ። የመርሳዎቹ ብቻ ተሞከሩ፣ ሁሉም አለፉ፣ እሱም ደስ ብሎት ለሕዝብ ሊከፍተው ተነሣ። ደግነቱ አጠገቤ የምትሠራው ሩት፣ እስቲ ከግራና ወንበር እንያዝ ብላ እሷ በስልኳ እኔም በስልኬ ብንሞክር አንዱን ወንበር ለሁለታችንም ሰጠን። ጉድ ፈላ! በገና ሰሞን ስንቱ ሰው መንገድ ላይ ይጣላ ነበር።

ቋሚ ልሁን ወይስ ልሰናበት የሚወሰነው በዚያው ሳምንት ነበር። እንግዲህ ቤቱን ማን ይደግፋል፣ እትዬስ በምን ትመጣለች የሚለው አስጨነቀኝ። ቢሆንም ለልዑል እውነቱን ተናገርኩ፤ ደግሞ እስኪጠይቀኝ ጠብቄው ነው አልኩ። መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ፣ ኋላ ግን ሳቁ አሸነፈው። እሱም እንደ እኛ የሐብሩ ወረዳ ልጅ ነውና ይሉኝታዬ ገባው። ኤጀንቱን ያለ ምንም ትሕትና የግራናም የሐራም ላይ ለጥፍ ብዬ አዘዝኩት፣ ለጠፈ፤ ሙከራው ስህተቱን ሁሉ አወጣው፣ ተስተካከለ፣ ትናንት ያለ ችግር ተከፈተ። እኔም ቋሚ ሆንኩልሽ፣ እልል በይ! ልዑልማ የወሎ ሰው «ይቅር» ሲልህ ደግመህ ጠይቅ የሚል ትእዛዝ ኤጀንቱ ላይ ጨመረበት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እትዬ፣ አንቺም ባሕር ማዶ ቆይተሽ የማሽን ጠባይ ለምደሻል መሰለኝ፤ እንደተመቸሽ ስልሽ እሺ ብለሽ ዘጋሽው። እኔ እኮ ደግመሽ እስክትጠይቂኝ ስልኩን ይዤ ቆሜ ነበር። ይሉኝታ ይዞኝ እንጂ ልቤስ ሌላ ነበር። አሁን የእኔ ሥራ ለቤቱም ለአንቺ መቋቋሚያም ይሆናል። ኮንትራቱን አታድሺ። ነይ። ናፍቀሽኛል፣ ነይ።

አባባ ደምሴ እግዜር በሰላም ያግባሽ ብለውሻል። ታናሻችን አበባው ጢም አወጣሁ ብሎ ይኮራል፤ ወንድምሽን ሳታውቂው እንዳታልፊ፣ ሰላም ብሎሻል። ጎረቤታችን እትዬ ብርሃኔም ስለ አንቺ ሳትጠይቅ ውላ አታድርም። የእማዬ ሰላምታ ግን ከሁሉም ይበዛል። ስትደውዪላት ልምጣ ወይ ብትያት፣ ለእኔ ብለሽ አትምጪ፣ እኔ ምን ሆኜ ትልሻለች። ደግመሽ ጠይቂያት።

እህትሽ ፍሬሕይወት ደምሴ
ወልድያ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.