ሸሪፉ ዝም ያለበት ገጽ

«የሸሪፉ ዝምታ በደመ ነፍስ የመጣልኝ ነው» ብለህ ለጋዜጣ ስትናገር ትንሽ አላፈርክም?

የካውቦይ ኮሚክህን ቆሜ ጨረስኩት። ሸሪፉ ባንክ ዘራፊው የገዛ ወንድሙ መሆኑን ሲያይ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ ባርኔጣው ፊቱ ላይ የጣለው ጥላ ብቻ ይናገራል። እኔ እንዲህ አድርጌ መሣል አልችልም፤ ቅናቱ አንጀቴን እያሳረረው ነው።

የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ያፈሳል፣ ከሥር ዝጋው።

ግን እዚያ ገጽ ላይ «ወንድሜ፣ አንተ ነህ እንዴ?» ብለህ ጽፈህ ነበር። በእርሳስ የሰረዝኩት እኔ ነኝ። «አንተ መሰረዝ እንጂ መጻፍ መች ታውቃለህ» ብለህ ስቀህብኛል።

ኩባያህ ተሰብሯል፤ ከእጄ አምልጦ ነው ልበል። እህቴ ጋ ነኝ።

ቅዳሜ መጽሐፉ ሲመረቅ ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ማን እንደሰረዛት እጠይቅሃለሁ፤ ማይኩን ይዘህ፣ በሰው ሁሉ ፊት መልስልኝ።