የዳማ ልብ ድምፅ

ቡሹሎ፣ ሐዋሳ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለኤልናታን፣

ልጄ፣ ጌታ በሄድክበት ሁሉ ቀድሞህ ይግባ። እንዴት ነህ? የዱባይ ሙቀትስ? የምትንከባከባቸው የሩጫ ፈረሶች ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ነው የሚያድሩት አልከኝ፤ እኔ እንኳ አንድ ቀን አላደርኩበትም። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቅ፣ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ይህን በስልክ ያልነገርኩህ፣ ስትስቅ ስሰማ አፌ ስለሚያያዝ ነው። የእኔ የፅጌ አፍ ተያዘ ቢባል መንደሩ አያምንም። የጎረቤታችን ልጅ ሰኢድ ነገ ወደ እናንተ ስለሚበር ደብዳቤውን በሱ ልኬልሃለሁ።

ፈረስህ ዳማ ለጥር ወሩ የግልቢያ ውድድር አይደርስም። ይኸው ተናገርኩት። አልሞተም፣ ይበላል፣ ግን አይደርስም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ፈረሱን የሚያሠለጥንልህን ልጅ፣ ሮቢን፣ እንዳትቆጣው። እሱ አንተ እንዳዘዝከው ከሐምሌ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር ሲያስሮጠው፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ሲጨምርለት ነው የከረመው። ፈረሱም አምሮበት ነበር። የመንደሩ የጋሪ ፈረሶች አጠገቡ ሲቆሙ አህያ ይመስሉ ነበር።

ሩዋይዳ የምትባል፣ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የምትማር ልጅ አለች። ሩጫ የሚለማመዱ ወጣት ፈረሶች ልባቸው ምን እንደሚሆን ነው የምታጠናው። ሐምሌ ላይ ዳማን አዳምጣው ነበር። ኅዳር ላይ ተመልሳ ማዳመጫዋን ደረቱ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ፣ ‹‹እማማ፣ ያኔ ያልነበረ ድምፅ አለ። አይጨነቁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት መሣሪያ ይዤ መጥቼ ልቡን አየዋለሁ›› አለችኝ።

አይጨነቁ ትላለች። በሦስተኛው ቀን የጋሪ ነጂውን ተፈራን ጠራሁት። ታውቀዋለህ፣ የራሱን ጥርስ ለማስነቀል አራት ሰው ይዞት የሚሄድ ፈሪ፤ ለሰው ፈረስ ብረት ሲያግል ግን እጁ አይንቀጠቀጥም። የልብ በሽታ በእሳት ነው የሚወጣው አለ። እኔም አዎ አልኩ። ሮቢ ‹‹ተይ እማማ፣ ልጅቷ ትምጣ›› ብሎ ለመነኝ፤ ዝም በል አልኩት። ተፈራ የፈረሱን ደረት በግራም በቀኝም በጋለው ብረት ተኮሰው። ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ልጄ፣ ፈረስ እንደዚያ እንደሚጮህ አላውቅም ነበር።

ሩዋይዳ በቀጠሮዋ መጣች። ቁስሉን ስታይ አልተቆጣችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የልቡን ምስል በመሣሪያው አንስታ አሳየችኝ። ሲሮጥ የከረመ ወጣት ፈረስ ልቡ ይሰፋል፣ ግድግዳውም ይወፍራል፣ ብዙ ደም ባንዴ መግፋት ስላለበት ነው አለች። ደሙ በልቡ በሮች ሲያልፍ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለስና ያ ድምፅ ይሰማል። የሚከፋበትም አለ፤ የዳማ ግን ቀላል ነው፣ እየታየ መሮጥ ይችላል አለችኝ። ልቡ ያደገው ለሥራው ነው። እኔ ጤነኛውን ፈረስ ነው ያስተኮስኩት። አሁን ቁስሉ መግል ይዞ እሷው እየመጣች ታጥብለታለች።

ለምን እንደቸኮልኩ ደግሞ ልንገርህ። አባትህ፣ ልጄ ደረሰ፣ በወባ ሞተ ብዬህ ነው ያደግከው። ወባ አልነበረም። መናኸሪያ ጆንያ ሲሸከም ትንፋሽ እያጠረው ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ አዳምጦት ልቡ ላይ ድምፅ አለ፣ ሸክም ይተው፣ በየወሩ መርፌ ይወጋ አለ። ስንወጣ ልጄ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። እኔ ምን አልኩት? ‹‹ይሄ ሐኪም ራሱ ቀጫጫ ስለሆነ ሰው ሁሉ የታመመ ይመስለዋል።›› ሳቀ። በማግስቱ ወደ ሸክሙ ተመለሰ። አራት ወርም አልቆየም።

ሩዋይዳ ድምፅ አለ ስትል የመጣብኝ ያ ሳቁ ነው። ለልጄ ጊዜ ቀለድኩ፤ ለፈረሱ ጊዜ ልጅቷን መጠበቅ አቃተኝ።

የአባትህም የልብ ድምፅ እንደ ፈረሱ ቀላል ይሆን ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ‹‹እማማ፣ እኔ የፈረስ ሐኪም ነኝ›› አለችኝ። እጄን ግን ያዘችኝ።

አንተም እዚያ ፈረስ ስትጋልብ ነው የምትውለው። ልብህን ለሰው ሐኪም አስደምጥ። የሚሉህንም ስማ፤ እኔ ብቀልድብህ እንኳ እንዳትስቅ።

ዳማን ከትናንት ወዲያ ጀምሬ በገመድ ይዤ ቀስ ብዬ አራምደዋለሁ። ሮቢ ሲመጣ ጆሮውን ያቆማል፤ እኔ እጄን ሳነሳ ወደ ኋላ ይሸሻል። እውነቱን ነው።

ጌታ መውጣትህንና መግባትህን ይጠብቅ፣ ከሚጥል ፈረስና ከክፉ ሰው ያድንህ። ይህን አንብበህ እኔን ማናገር ባያሰኝህ አልቀየምህም። የሩዋይዳን ስልክ ለሰኢድ ሰጥቼዋለሁ፣ ለሷ ደውልላት። ስለ ዳማ ትነግርሃለች፤ አንተም ደህና መሆንህን ከሷ እሰማለሁ።

አያትህ ፅጌ