ከአጥሩ ውጭ፣ ስንዴው ውስጥ

ረቡዕ፣ ግንቦት 6 ቀን 1995። እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት የተሸጠ፦ በርበሬ አምስት ኪሎ፣ ሽሮ ስምንት፣ ነጠላ አንድ፣ የስልክ ካርድ ሦስት። ከሰማይ፦ ሁለት ሄሊኮፕተር ወደ ደቡብ፣ አንድ የጭነት አውሮፕላን ከደመና በላይ፣ በድምፅ ብቻ።

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእታገኝ። እታለም፣ ደብዳቤው በሽሮና በሄሊኮፕተር መጀመሩ አይግረምሽ። የዕለት ማስታወሻዬን እየጻፍኩ ሳለ ያቺ በድምፅ ብቻ ያለፈችው አውሮፕላን አንቺን አስታወሰችኝና ገጹን ላንቺ አዋልኩት። ለመሆኑ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ክረምት ሲቃረብ የሚነሳብሽ ቁርጥማት ዘንድሮ ማረሽ ወይ? ባለቤትሽ አቶ አወቀ ደህና ናቸው? ላሚቱስ ወለደች ወይስ አሁንም ታስጠብቃችኋለች? እኛ የእስራኤል አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ጤናችን ሙሉ ነው፣ ሱቁም እንደቆመ ነው። ናፍቆትሽ ብቻ እንደ ቤት ኪራይ በየወሩ ይመጣል።

በመጋቢት የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። የጓዳው ምርጊት ሲረግፍ በልጅነቴ በከሰል የሳልኳት አውሮፕላን ብቅ ማለቷን ሳነብ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። አባታችን በእበት የመረጋትን ቀን ታስታውሻለሽ? አብዮት ጥበቃ ካየ የሰላይ ቤት ይለናል ብሎ እየመረገ፣ «ሰማይ ሰማይ የሚያይ ልጅ እግሩ ጉድጓድ ይገባል» እያለ ሲሰድበኝ፣ አንቺ ከኋላው እበቱን እያቀበልሽ ትስቂ ነበር። ጥፋቱ ግን ያንቺ ነበር። አዘዞ ጉብታው ላይ እንጨት ስንለቅም፣ አውሮፕላኗ ገና ሳትታይ «ይቺ ባለ ሁለት ሞተር ናት፣ ጭነትም ከብዷታል» የምትይኝ አንቺ ነበርሽ። ወደ ሜዳው ስትወርድ ሳይ አብዛኛውን ጊዜ እንዳልሽው ትሆን ነበር። ይኸው ያስያዝሽኝ አመል እስከ ዛሬ አለቀቀኝም።

እዚህ ከመጣሁ በሁለተኛው ዓመት አሮጌ ካሜራ መግዛቴን ነግሬሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሱቅ በማልከፍትበት ቀን አውቶቡስ እየተሳፈርኩ ወደ ደቡብ እወርዳለሁ፤ የአየር ኃይሉ አጥር ሥር ተቀምጬ የሚነሳውንና የሚያርፈውን ፎቶ አነሳለሁ፤ ዓይነቱንና የሄደበትን አቅጣጫ እጽፋለሁ። አንድ ጊዜ የጥበቃ ጂፕ ይዞኝ፣ መኮንኑ እውነት ነጋዴ መሆኔን ሊያጣራ ወደ ቤት ደወለ። ባለቤቴ ባንቺአየሁ ስልኩን አንስታ «ሰላይ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ በርበሬ እኔ ላይ ጥሎ አይጠፋም ነበር፤ እዚያው አቆዩልኝ» አለችው። ሰውየው እየሳቀ ለቀቀኝ።

ኤራንንም ያገኘሁት እዚያው አጥር ሥር ነው። ስለ ጦር አውሮፕላን ብቻ የምትጽፍ ወርኃዊ መጽሔት አዘጋጅ ነው፤ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ልቡ ግን የዐሥር ዓመት ልጅ ነው። ባለፈው ክረምት ፎቶዎቼን አይቶ፣ «አንድ ቀን አንድ ሙሉ ገጽ በስምህ አወጣልሃለሁ፤ ግን ሌላ ሰው የሌለውን ፎቶ አምጣ» አለኝ። እኔ ሌላ ምኞት ብዙም የለኝም፤ ይህች ገጽ ግን እንቅልፍ ነሳችኝ።

ከፋሲካችን በፊት ባለው ሳምንት ኤራን ስልክ ደወለ። አንዲት አሮጌ ባለ አራት ሞተር የጭነት አውሮፕላን ከአገልግሎት ልትሰናበት ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ ስትበር ጋዜጠኞች ይጋበዛሉ፤ የመግቢያ ፈቃድ አስወጥቼልሃለሁ አለኝ። ዓይነቷን ሲነግረኝ እጄ ላይ የነበረውን ኩባያ አስቀመጥኩ። እኛን ከአዲስ አበባ ጭና ያመጣችን የዚያች ዓይነት ናት። መስኮት በሌለው ሆዷ ውስጥ፣ ግንባራችን ላይ ቁጥር ተለጥፎ፣ ወለሉ ላይ ተደርድረን የመጣንባት።

ቀኑ ከበዓሉ በፊት ያለው ሐሙስ ነበር፤ በዓመት ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ገበያዬ። ባንቺአየሁ ጥቂት አጉረመረመችና «ሂድ፣ ብትቀርም ልብህ እዚያው ነው፤ ሚዛኑን ታሳስትብኛለህ» ብላ ሱቁን ተረከበችኝ።

እንግዲህ ከዐሥር ዓመት በኋላ ከአጥሩ ውስጥ ገባሁ፣ እታለም። ድንኳን ተተክሏል፣ ወንበር ተደርድሯል፣ ቀዝቃዛ መጠጥ አለ። ፎቶ አንሺዎቹን በገመድ ከልለው በአንድ መስመር አቆሙን፤ ሁላችንም ያንኑ እናያለን። በዚያ ላይ ነፋሱ ፊቴን ለበለበኝ። እዚህ ሻራቭ የሚሉት፣ ከበረሃው የሚመጣ ትኩስ የምሥራቅ ነፋስ ነበር። አውሮፕላን የሚነሳው ነፋሱን ፊት ለፊት እየተጋፈጠ ስለሆነ፣ ሩቅ ከምዕራቡ ጫፍ ተንደርድራ በምሥራቁ አጥር ላይ ልትወጣ ነው። ከቆምንበት የሚታየው ጎኗ፣ ቀጥሎም ጭራዋ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ግን ማን የተከበረበትን ቦታ ለቆ ይሄዳል? እኔ ደግሞ ነጋዴ ነኝ። ሁሉም አንድ ዓይነት ዕቃ ይዞ በወጣበት ገበያ የኔን ማን ይገዛኛል ብዬ አሰብኩ። ከምሥራቁ አጥር ባሻገር ያለውን የስንዴ ማሳ ለዓመታት ተቀምጬበታለሁ።

በሩ ላይ የነበረችው ወታደር ሃጊት የምትባል የቋራ ሰዎች ልጅ ናት። ልውጣ ስላት ዓይኗ ፈጠጠ። «ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ልግባ ይለኛል፣ አንተ ልውጣ? ቤሴደር ነህ፣ ደህና ነህ? አመመህ?» አለችኝ። ደህና መሆኔን ስነግራት «ከወጣህ፣ ዘሁ፣ አለቀ፤ መመለስ የለም» አለች። ኤራንም ደርሶ ተቆጣ። ስንት ሰው ለምኜ ነው ያስገባሁህ፣ ብታሳፍረኝ ገጹንም እርሳው አለኝ። እኔም ሌላ ሰው የሌለውን ፎቶ አምጣ ያልከኝ አንተ ነህ አልኩትና ወጣሁ።

የመጣሁት በእሱ መኪና ስለነበር አጥሩን በእግሬ ዞርኩ። ፀሐዩ አናቴን ይበሳል፤ ስንዴው ቢጫ መያዝ ጀምሯል። ግማሽ መንገድ ላይ ሞተሮቿ ሲነሱ ሰማሁ። እንዳንቺው በጆሮዬ ቆጠርኳቸው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ጫማዬ በአፈር ተሞልቶ ሮጥኩ። ቦታዬ ደርሼ ትንፋሼን ሳልሰበስብ ድምፁ ተለወጠ፤ ፍሬኗን ለቃለች ማለት ነው። ከዚያ ከአቧራው ውስጥ አፍንጫዋ ወጣ፤ እየተለቀ እየተለቀ መጣ፤ ጎማዎቿ መሬቱን ለቀው አጥሩን ዘለሉት። ስንዴው በሙሉ አጎነበሰ። አራት ጊዜ ተጫንኩ፤ አምስተኛውን ማንሳት ረሳሁ፤ አንጋጥጬ ቀረሁ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ያን ጊዜ ያሰብኩት ገጹን አልነበረም። አንቺ አባታችንን ልታስታምሚ ስትቀሪ፣ እኔን ልትሸኚ አዲስ አበባ ድረስ መጥተሽ ቦሌ መንገድ ላይ ቆመሽ ነበር። በኋላ በስልክ «አንዷ ስትነሳ ሌላዋ ትከተላለች፤ የትኛዋ እንደያዘችህ ስላላወቅሁ ሁሉንም ሸኘሁ» አልሽኝ። እኔ ያን ቀን ያየሁት የፊቴን ሰው ጀርባ ብቻ ነው። አንቺ ያየሽውን ያየሁት ይኸው አሁን ነው።

ፊልሙ ሲታጠብ ሦስቱ ደብዝዘዋል፣ አንዷ ግን ጠርታ ወጥታለች። ኤራን ወደ መብራት አስጠግቶ አየና፣ «ከታች ያለውን የአጥር ሽቦ እንቁረጠውና ትሂድ» አለ። አይሆንም አልኩት፤ ከነሽቦዋ ካልሆነ አልሸጥም። ሽቦ ምን ያደርግልሃል ብሎ ተከራከረኝ። እህቴ ስትሸኘኝ ከእንዲህ ያለ ሽቦ ወዲህ ነበር የቆመችው አልኩት፤ ከነሽቦዋ ወሰዳት። የሠራዊቱ ሳንሱርም የጭራዋን ቁጥር ብቻ ደምስሶ አሳለፋት። ከፎቶው በታች ያለውን ጽሑፍ በአማርኛ ጻፍኩት፣ ልጄ አልማ ወደ ዕብራይስጥ መለሰችው። «አባ፣ ዓረፍተ ነገርህ ማረፊያ የለውም» እያለች ስትቆራርጠው አመሸች።

መጽሔቷ ትናንት ወጣች፤ ሙሉ ገጽ፣ ከነሽቦዋ፣ ከነስሜ። ባንቺአየሁ የከፈሉኝን ሰምታ «በዚህ ሂሳብ የሐሙሱን ገበያ ለሦስት ዓመት አንመልሰውም» አለች፤ ገጹን ግን ከሚዛኑ በላይ የሰቀለችው እሷው ናት። እዚህ ኢትዮጵያ ጎዳና ካለው ቤተ ክርስቲያን ሽሮ የሚገዙኝ አረጋዊ መነኩሴም መነጽራቸውን አድርገው አይተው «አጥሩን ባትዘል ትበላን ነበር» አሉኝ።

እንግዲህ የጓዳውን ግድግዳ አሁን አታስመርጊው። በሰው የምልክልሽን የፎቶውን ትልቅ ቅጂ ከከሰሏ አውሮፕላን ጎን አድርጊልኝ።

አቶ አወቀን በክብር ሰላም በይልኝ። ለልጅሽ ለአማረች ለተማሪዋ፣ ጥርሱን ላወጣው ለትንሹ ወንድሟ፣ ለጎረቤትሽም ለእማማ እናና ሰላምታዬ ይድረስ። ባንቺአየሁ ጉልበትሽን ትስማለች። አልማ በራሷ እጅ ልጻፍ ብላ አንድ መስመር ጽፋለች፤ ፊደሎቿ ቢንጋደዱም ፍቅሯ ቀጥ ያለ ነው።

ነገ፦ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ፎቶ ቤት ሄጄ ትልቁን ቅጂ መቀበል፤ ወደ ጎንደር ለሚሄደው ለፈጠነ ማድረስ፤ ሲመለስ ሁለት ኪሎ ኮረሪማ እንዲይዝልኝ መንገር።

ወንድምሽ ገበያው
ኢየሩሳሌም፣ ግንቦት 6 ቀን 1995 ዓ.ም.